ጥሩምባ የማይነፋለት

በከተማችን ሁለት ወዳጆች መንገድ ላይ ሲገናኙ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የታወቀ ነው። «ምነው ጠፋህ?» ይላል አንደኛው። «ያው ሩጫ ነው፤ ጊዜ የለም» ይላል ሁለተኛው። ከዚያም «እንገናኝ እንጂ»፣ «እንዴታ! እደውልልሃለሁ» ተባብለው ይለያያሉ፤ አይደዋወሉምም። ይሁንና ሁለቱም ዋሽተዋል ለማለት ያስቸግራል። በተለያዩባት ደቂቃ ይዘን ብንጠይቃቸው፣ ያ ወዳጅነት ከሚሮጡለት ጉዳይ ሁሉ እንደሚበልጥባቸው ከልባቸው ይነግሩናል። ታዲያ በልብ ሚዛን የከበደው ነገር በሰዓት ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚቀለው ለምንድን ነው?

በቋንቋችን «ጊዜ» የሚለው ቃል እንደ ገንዘብ የሚቆጠርና የሚመነዘር ነገር ብቻ አይደለም። ጊዜ ያነሣል፤ ጊዜ ይጥላል። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል። «ባለጊዜ» ስንል የተረፈ ሰዓት ያለውን ሰው ማለታችን አይደለም፤ ሥልጣን ወይም ሀብት የቀናውን ማለታችን ነው። (እንዲያውም ባለጊዜ የተባለ ሰው ለጉዳይ ሲፈለግ አንድ ሰዓት እንኳ እንደማይገኝለት ደጅ የጠና ሁሉ ያውቀዋል።) በዚህ አነጋገር ጊዜ የሚያዘን እንጂ የምናዘው ነገር አይደለም። ከዚህ ጎን ለጎን ደግሞ ዘግይቶ የመጣ ሌላ አነጋገር አለ። ጊዜ ሀብትህ ነው፤ መድበው፤ ቅድሚያ ለሚገባው ቅድሚያ ስጥ ይላል። መጽሐፍ አዟሪዎች በየመንገዱ ዳር ከሚዘረጓቸው ትርጉሞች መካከል ይህንኑ የሚሰብኩት ጥቂት አይደሉም። የሚገርመው ሁለቱ አነጋገሮች በአንድ ሰው አፍ ውስጥ ተስማምተው መኖራቸው ነው። ሲሳካለት «ጊዜዬን በአግባቡ ስለተጠቀምኩ ነው» ይላል፤ ሳይሳካለት ሲቀር «ጊዜው ነው» ይላል።

አዲሱ አነጋገር ከጀርባው አንድ የሞራል ፍርድ ይዟል። ሰው ምን እንደሚወድ አፉን አትጠይቀው፤ ሰዓቱን ጠይቀው፤ ሰዓቱን የሰጠው ለወደደው ነው ይላል። አባባሉ ደስ ይላል። ግብዞችን ስለሚያጋልጥ በተለይ ለታዛቢ ይመቻል። እኔም ብዙ ጊዜ አምኜበት ኖሬያለሁ፤ ግን በሁሉም ላይ የሚሠራ ፍርድ አይመስለኝም።

ቤይሩት ወይም ጂዳ ሄዳ በሰው ቤት የምትሠራን አንዲት እናት እናስብ። ገና ጎህ ሳይቀድ ትነሣለች፤ የሰው ልጅ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታስተኛለች። የራሷ ልጅ ደሴ ወይም ወልዲያ ከአያቱ ጋር ያድጋል። የዚህችን ሴት ሰዓት ምስክር አድርገን ብንጠራው ምን ይላል? «ይህች ሴት የምትወደው የአሠሪዋን ልጅ ነው» ይላል። ምስክርነቱ ሐሰት ነው። እያንዳንዷን ሰዓት ለዚያ ለሰው ልጅ የሰጠችው ለራሷ ልጅ ስትል ነው። በከተማችንም ቢሆን ሌሊቱን ሙሉ የሰው በር ሲጠብቅ አድሮ፣ ጧት ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጡ እሱ ወደ ቤቱ የሚገባ ጥበቃ ሞልቷል። ልጆቹን ነቅተው የሚያያቸው በዕረፍት ቀኑ ብቻ ነው። «ቅድሚያ ለቤተሰብህ ስጥ» የሚል መጽሐፍ ለዚህ ሰው ማበርከት ምክር ሳይሆን ስድብ ነው።

ሰዓት ስለ ልብ ሊመሰክር የሚችለው ምርጫ ባለበት ቦታ ብቻ ነው። ምርጫ የሌለውን ሰው በሰዓቱ መፍረድ፣ እስረኛን «ለምን ዘመድ አትጠይቅም» ብሎ እንደ መውቀስ ይሆናል። ዳሩ ግን ይህን ካልን በኋላ ከኋላቸው ተደብቀን እንዳናመልጥ ያሰጋል። ይህችን መጽሔት ገዝቶ ጥግ ይዞ የሚያነብ ሰው፣ መቼም በሳምንት ውስጥ ጥቂት በእጁ ያሉ ሰዓታት አሉት። ጥያቄው የሚመለከተው እሱን ነው፤ እኔንም ጭምር።

ምርጫ ያለው ሰው ለሚወደው ነገር ጊዜ የማይሰጠው ለምንድን ነው? የተለመደው መልስ «ከልቡ ስላልወደደው» የሚል ነው። ይህን መልስ ክፉኛ የሚያናጋ አንድ ጥናት አለ። ጆን ዳርሊና ዳንኤል ባትሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ነው። በፕሪንስተን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የሚማሩ 40 ወጣቶች፣ አንድ በአንድ እየተጠሩ ወደ ሌላ ሕንፃ ሄደው አጭር ንግግር እንዲያደርጉ ይነገራቸዋል። ለገሚሶቹ የተሰጣቸው ርዕስ፣ መንገድ ላይ ተደብድቦ የወደቀውን መንገደኛ አንሥቶ ስላዳነው ስለ ደጉ ሳምራዊ ነው። በሚያልፉበት ጠባብ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በር ሥር ተኮራምቶ እያሳለና እያቃሰተ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ከተማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ «ገና ጊዜ አለህ፤ ቢሆንም ሂድ»፣ ለአንዳንዶቹ «በሰዓቱ ነህ»፣ ለቀሩት ደግሞ «ዘግይተሃል፤ እየጠበቁህ ነው» ተብሏቸዋል።

ጊዜ ከነበራቸው መካከል 63 ከመቶው ቆመው ሊረዱት ሞክረዋል። በሰዓቱ ናችሁ ከተባሉት 45 ከመቶ። ዘግይታችኋል ከተባሉት ግን የቆሙት 10 ከመቶ ብቻ ናቸው። ንግግሩ ስለ ደጉ ሳምራዊ መሆኑ ያመጣው ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። ስለ ወደቀ ሰው ሊሰብኩ የሚጣደፉ ሰዎች የወደቀውን ሰው አልፈውት ሄዱ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው የቄስ ተማሪዎቹን ግብዝነት ነው። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ያስተምረኛል። እነዚያ ወጣቶች ክፉዎች አልነበሩም፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚጠብቃቸው ሰው ነበረ። የሚጠብቃቸው ሰው ስሟቸውን ያውቃል፤ ቢቀሩ ያፍራሉ። በር ሥር ያለው ሰው ግን ማንንም አልቀጠረም። ጠሪ ያለው ጉዳይና ጠሪ የሌለው ጉዳይ ሲገናኙ ያሸነፈው ጠሪ ያለው ነው። ልባቸው ውስጥ የትኛው ይበልጥ እንደነበረ ያንን ጊዜ የጠየቃቸው የለም።

ይህን ሐሳብ ወደ ሰፈራችን ስናመጣው ዕድርን እናገኛለን። በዕድር አባልነት የኖረ ሁሉ የጥሩምባውን ድምፅ ያውቃል። ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ያን ዕለት የመሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ቀጠሮ ይሰረዛል። ድንኳን ይተከላል፤ ወንበር ይወርዳል። ከቀብር የቀረ ይቀጣልና በመቃብሩ ሥፍራ ስም ይጠራል። ከዚያ ሠልስቱ፣ ከዚያ አርባው፣ ከዚያ ሙት ዓመቱ አለ። «ጊዜ የለኝም» የሚል ሰው በዚህ ቀን አይገኝም። ያ መንገድ ላይ «እደውልልሃለሁ» ብሎ ሳይደውል የከረመው ወዳጅም ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። በሕይወት ሳለ አንድ ሰዓት ያጣለትን ሰው፣ ሲሞት ሦስት ቀን ይሰጠዋል።

ይህን የምለው በልቅሶ ላይ ለመቀለድ አይደለም። «ነግ በኔ» ብሎ ተሰብስቦ ሰውን ማክበር፣ ሐዘንተኛን ብቻውን አለመተው፣ ካሉን መልካም ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይመስለኛል። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ሟቹ ከመሞቱ በፊት ለወራት ተኝቶ ነበር። ስምንት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት። በነዚያ ወራት ጥሩምባ አልተነፋም። ሁሉም «አንድ ቀን ሄጄ ልየው» እያለ ነበር፤ ሐሳቡም የእውነት ነበር። ነገ ዛሬ ሲባል ጥሩምባው ቀደመ።

በአንድ ወቅት የማውቃቸውን የዕድር ዳኛ በዚህ ነገር ጠይቄያቸው ነበር። «ጋሼ፣ ከቀብር የቀረ የሚቀጣ ከሆነ፣ የታመመ ያልጠየቀስ ለምን አይቀጣም? እንዲያውም የሚበልጠው እሱ አይደለም?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ የሞተ ሰው አይታዘብም፤ የታመመ ሰው ግን ይታዘባል» አሉኝ። «ፈቅዶ የመጣውንና ስሙ እንዳይጠራበት የመጣውን ዓይኑን አይቶ ይለየዋል። እኔ ነገ ብተኛ ቅጣት ፈርቶ አልጋዬ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው አልፈልግም። አንቺስ ትፈልጊያለሽ?»

መልሳቸው ለብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። በፍቅር መሆን የሚገባው ነገር በደንብ ሲታሠር ባዶ ይሆናል ማለታቸው ነው። ቁም ነገር አለው። የፍቅር ሰዓት ተመድቦለት፣ በማስታወሻ ደብተር ተጽፎ፣ «ማክሰኞ ከ11 እስከ 12 እናቴን እጠይቃለሁ» ሲባል አንድ የሚጎረብጥ ነገር ይኖራል። እናት ከጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ጋር ተራ ይዛ መሰለፏ ደስ አይልም። ብዙዎቻችን ለምንወዳቸው ነገሮች ሰዓት የማንቆርጠውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። የሚወደዱ ነገሮች በራሳቸው ጊዜ፣ በራሳቸው ስሜት እንዲመጡ እንፈልጋለን። ሥራ ነው እንጂ ወዳጅነት እንዴት በሰዓት ይሆናል እንላለን።

ሆኖም ጋሼ ግማሹን ብቻ የተናገሩ ይመስለኛል። እናት ሕፃኗ በሌሊት ሲያለቅስ የምትነሣው ስሜቷን ጠይቃ አይደለም፤ ደክሟት፣ ተበሳጭታ፣ አንዳንዴም እየተራገመች ትነሣለች። መነሣቷ ግን ፍቅር አይደለም የሚል የለም። በልቅሶውም ቢሆን ቅጣት ፈርቶ የመጣው ሰው ድንኳኑ ውስጥ ከገባና ሐዘንተኛዋን ካየ በኋላ እንባው የእውነት ይሆናል። እግሩን ያመጣው ደንቡ ነው፤ ልቡን ያመጣው ግን እግሩ ነው። ኤች አይ ቪ በከተሞቻችን ብዙ ቤት ባፈረሰበት ዘመን አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር ወጥተው ሕመምተኛን ወደ መንከባከብና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት መሻገራቸውን እናስታውሳለን። ዕድሩ ለቆሙትም ጠሪ ሊሆን እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል። በዚያ መንገድ የተጎበኙት ሰዎች «ደንብ ሆኖባችሁ ነው የመጣችሁት» ብለው በር የዘጉ አይመስለኝም።

ነገሩን በጥንቃቄ ከተመለከትነው አባቶቻችን ለሚያከብሩት ነገር ሁሉ ጠሪ ያበጁለት ነበር። አንድን ቀን በምን እናውለው የሚለው ጥያቄ ለመቶ ዓመት ያህል አገር ያነጋገረበት ዘመንም አለን። የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች በ14ኛው ምዕተ ዓመት ቅዳሜም እንደ እሑድ ትከበር በማለታቸው ተገለሉ፤ ተሰደዱ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባሉበት የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። የነገረ መለኮቱን ጉዳይ ለባለቤቶቹ ትቼ እኔን የሚገርመኝ የነገሩ አሠራር ነው። «ስትችሉ ዕረፉ፤ ሲመቻችሁ ፈጣሪን አስቡ» አልተባለም። ቀን ተቆረጠለት። «ሲመቸኝ» የሚባል ቀን እንደማይመጣ ያወቁ ሰዎች ሥራ ነው።

ቡናም እንዲሁ ነው። ቡና ጊዜ ያባክናል እያሉ የሚያማርሩ አሉ፤ እኔ ግን ጉርብትናን የሚያክል ነገር በሰዓት ለማሰር ከተፈለሰፉ ዘዴዎች ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አቦል ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ ቶናው አለ፤ በረካው አለ። ሦስቱ እስኪያልቁ ድረስ የቤት ኪራዩም፣ የልጁ ውጤትም፣ የጎረቤቷ ሕመምም ይነሣል። ማንም «ዛሬ ስለ ጎረቤቴ ሕመም ለመነጋገር ጊዜ እመድባለሁ» ብሎ አልመጣም፤ ጀበናው ነው የመደበለት። ከዚህ ጋር ለማነጻጸር ትንሽ ብታሳፍርም አንዲት ምሳሌ ልጨምር። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ የእንግሊዝ ኳስ ያመለጠው የከተማችን ወጣት ስንት ነው? «ጊዜ አጣሁ» ብሎ የቀረ አላጋጠመኝም። ኳሱ ሰዓቱ የተቆረጠ ነው፤ ጓደኛም ይጠብቃል፤ የሚቀመጡበትም ቦታ የታወቀ ነው። ያው ወጣት አባቱን ከሁሉም አብልጦ ይወዳል፤ አባቱ ግን የጨዋታ መርሐ ግብር የለውም።

ዛሬ በየኪሳችን ያለውም ስልክ ዞሮ ዞሮ ጥሩምባ ነው። ልዩነቱ ይህኛውን የሚነፋው ሰፈሩ አለመሆኑ ነው። ጢን ባለ ቁጥር የሚጠራን አብዛኛውን ጊዜ ከመጠራታችን የሚጠቀም ነጋዴ ነው፤ ለማን ልቅሶ እንደጠራን እንኳ አይነግረንም።

እንግዲህ ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለሚወዱት ነገር ጠሪ ማበጀት ነው። እናትን በተወሰነ ቀን መጠየቅ፤ ንባብን በተወሰነ ሰዓት ማድረግ፤ ወዳጅን «እንገናኝ» ሳይሆን «ሐሙስ 12 ሰዓት» ማለት። በበኩሌ ይህ የዘመን መቁጠሪያ ዘዴ ብዙ ይረዳል ብዬ አምናለሁ፤ የልብንና የሰዓትን ርቀት ከማልቀስ ይሻላል። ግን እዚህ ላይ ብዙዎቹ ምክር ሰጪ መጻሕፍት የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። ለአንዱ ነገር ሰዓት ሲቆረጥ ያ ሰዓት ከየት ይመጣል? ማነው የከፈለው?

በዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የሮማዊው ፈላስፋ የሴኔካ ድርሳን ነው። ስለ ዕድሜ ማጠር የጻፈው፣ የሮማን የእህል አቅርቦት ይቆጣጠር ነበር ለሚባለው ለጳውሊኖስ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ዕድሜ አጭር ሳይሆን እኛ አባካኞች ነን የሚል ነው። ገንዘቡን የሚሰስት ሰው ሰዓቱን ለለመነው ሁሉ ሲበትን ይገርመዋል፤ ጳውሊኖስንም ጎተራውን ለሌላ ትተህ ወደ ራስህ ተመለስ ይለዋል። ግሩም ምክር ነው። መካሪው ራሱ ግን ለዓመታት በኔሮ ቤተ መንግሥት አስተማሪና አማካሪ ሆኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ62 ልልቀቅ ብሎ ሲጠይቅ ኔሮ እንዳልፈቀደለት ታሪክ ጸሐፊው ታኪቶስ ጽፏል፤ ከሦስት ዓመት በኋላም በዚያው ንጉሥ ትእዛዝ ሞተ። ሰዎች በዚህ ይሳለቁበታል። እኔ ግን ከዚህ ይልቅ የማስበው ስለ ቤቱ ነው። ሴኔካ ባለጠጋ ነበረ፤ ባሪያዎችም ነበሩት። ወደ ራሱ በተመለሰባቸው ሰዓታት ውኃውን የቀዳ፣ ምግቡን ያበሰለ፣ መብራቱን የለኮሰ ሌላ ሰው ነበረ። የዚያ ሰው ዕድሜ አጭር ይሁን ረጅም በድርሳኑ አልተጠየቀም። ለነገሩ ጥንታውያኑ ፈላስፎች «ለማሰብ የሚበቃ ዕረፍት» ሲሉ ያን ዕረፍት በባሪያ ትከሻ ላይ ማስቀመጣቸው የተለመደ ነበር።

ባርነት ቀርቷል። ግን በከተማችን መጽሐፍ የሚያነብ፣ እናቱን ማክሰኞ ማክሰኞ የሚጠይቅ፣ ከወዳጁ ጋር ሐሙስ የሚገናኝ ሥርዓት የያዘ ሰው ሲያጋጥም፣ ከበስተጀርባው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት አለች። ሚስት ልትሆን ትችላለች፤ እህት ልትሆን ትችላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። የሷን ቅድሚያ ማንም አይጠይቃትም እንጂ ብትጠየቅ መልሷ ዝግጁ ነው። ብዙዎቹ አዲስ አበባ ሲመጡ በልባቸው የያዙት ትምህርት ነው፤ ተቀጣሪዋም ሥራ ስትገባ «ማታ ማታ ልማር» ብላ ትስማማለች። አሠሪዋም «ምን ከፋኝ፤ ተማሪ» ትላታለች፤ ቃሏም የእውነት ነው።

ይህችን ልጅ በሰዓቷ እንፍረዳት ካልን ፍርዱ ይከብደናል። እሷ ጠሪ አላጣችም። የማታው ትምህርት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ መምህሩ ስም ይጠራል፤ ቀሪ ይመዘግባል። ደብተሯን ከጧት ጀምሮ አዘጋጅታ በጓዳው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣዋለች። እንጀራውን ቀድማ ጋግራ፣ ወጡን ሠርታ፣ ልጆቹን አጥባ ጨርሳለች። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ጫማዋን ስትቀይር በሩ ይንኳኳል። ብዙ ጊዜ የጠፉ ወዳጅ ናቸው፤ እንዳጋጣሚ በዚያ ሲያልፉ «ዛሬስ ሳላያችሁ አላልፍም» ብለው የገቡ። ቤተሰቡ በደስታ ይነሣል፤ መሳሳም ይሆናል፤ መጥፋቱ ይወቀሳል። እመቤቲቱ ወደ ጓዳ ብቅ ብላ፣ በቁጣ ሳይሆን በደስታ ድምፅ፣ «ቡና አፍዪ እስቲ» ትላታለች።

ጫማዋን መልሳ ታወልቃለች። ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል። በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ አንድ ሰዓት ይሆናል።